እጅ ይቅደም፣ ማሽን ይመስክር፦ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ዝግጅትና ግራፍ ሠሪ ካልኩሌተር በደቡብ ጎንደር

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወደ አገር አቀፍ ፈተና አዳራሽ ሲገባ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ሁሉ ከበር ይቀራል። ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ ካልኩሌተር አይገባም። ይኸው ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና ግን፣ ደብረ ታቦርም ይሁን ንፋስ መውጫ፣ በእጁ ያለው ተራ ስማርት ስልክ የፈለገውን ፈንክሽን በአንድ አፍታ በግራፍ ሊያሳየው ይችላል። ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ብሎ ለአሜሪካው የመግቢያ ፈተና ለኤስ ኤ ቲ የሚቀመጥ ሌላ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ ግራፍ ሠሪው ካልኩሌተር በፈተናው ስክሪን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አንዱ ፈተና የሚከለክለውን ሌላው ያድላል። መምህሩም ወላጁም መልስ የሚሹለት ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ አዳራሽ ለማይገባ መሣሪያ ከዝግጅት ጊዜ ላይ መቁረጥ ይጠቅማል ወይስ ዕድሜ ማባከን ነው?

ይህ ዳሰሳ የፈተናውን ጠባይ፣ የመሣሪያውን ታሪክ፣ የጥናቶችን ውጤት፣ የሌሎች አገሮችን ልማድና የደቡብ ጎንደርን ኑሮ በየተራ ያያል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ተማሪው በእጁ ከሠራ በኋላ የሚከፍተው ግራፍ ለተከለከለበት ፈተና ጭምር ያዘጋጀዋል። ሳይሠራ የሚከፍተው ግን ችሎታ ሳይሰጠው የገባው ያስመስለዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቅደም ተከተሉ ነው።

ፈተናው ምን ይጠይቃል?

የማትሪክ ዘመን ካለፈ በኋላ አገሪቱ ለዓመታት በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ሁለት ብሔራዊ ፈተና ስትሰጥ ቆይታለች። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የ10ኛው ቀርቶ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዕጣ በ12ኛው ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። የሒሳቡ ወረቀት ለረጅም ጊዜ ሲቀርብ የኖረው በ65 የምርጫ ጥያቄና በ3 ሰዓት ነው። ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ 3 ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ተማሪው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ የተጠየቀውን ይለያል፣ ይሠራል፣ መልስ ወረቀቱ ላይ ያጠቁራል።

ጥያቄ አውጪዎቹ ካልኩሌተር እንደሌለ ያውቃሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹን የሚመርጡት በእጅ እንዲያልቁ አድርገው ነው። ስሌቱ እየተንዛዛ ከሄደ ብዙ ጊዜ መንገድ ተስቷል ማለት ነው፤ ልምድ ያለው ተማሪ ይህንን እንደ ምልክት ወስዶ ይመለሳል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። 2 በ50 ኃይል ሲነሳ ስንት አሃዝ ይኖረዋል ቢባል፣ የ2 ሎጋሪዝም 0.3010 መሆኑን የያዘ ተማሪ በ50 ያባዛና 15.05 ያገኛል፤ መልሱ 16 አሃዝ ነው። ይህ ጥያቄ የማባዛት ጉልበትን አይለካም። ሎጋሪዝም የቁጥርን ርዝመት እንደሚናገር የገባውን ካልገባው ይለያል።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል አገር ያውቀዋል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተዛወረበትና 50 በመቶ የማለፊያ መስመር በሆነበት በ2014 ዓ.ም፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች መስመሩን የደረሱት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም 27,267 ሆነው 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 36,409 ሆነው 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 48,929 ሆነው 8.4 በመቶ ደረሱ። በ2014 ዓ.ም 1,161 ትምህርት ቤቶች፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚህ አሃዞች የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደሉም። ቢሆንም ካልኩሌተር ይግባ አይግባ የሚለውን ክርክር በልኩ እንድናየው ያስገድዳሉ። አንድም ተማሪ ባላለፈበት ትምህርት ቤት የጎደለው ካልኩሌተር አይደለም።

ከሎጋሪዝም ሰንጠረዥ እስከ ስልክ

በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት መጨረሻ የሎጋሪዝምና የትሪጎኖሜትሪ ሰንጠረዦች ታትመው ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር ሎጋሪዝምን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1614 ነው፤ ሰንጠረዡ ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የመሐንዲሱና የመርከበኛው የስሌት መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። ተማሪዎቻችን ካራክተሪስቲክና ማንቲሳ ብለው የሚማሩት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ሰንጠረዥ የሚያነብ ተማሪ ግን ቁጥሩ በየትና በየት መካከል እንዳለ ሳይገምት መነሻ የለውም። ሰንጠረዡ መገመትን ያስለምዳል።

ግራፍ የሚያወጣው የእጅ ካልኩሌተር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ልጅ ነው። የካሲዮው ኤፍ ኤክስ 7000 ጂ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲ አይ 81 በ1990 ገበያ ላይ ዋለ። አሜሪካኖቹ በኤስ ኤ ቲ ካልኩሌተር የፈቀዱት በ1994 ነው፤ በዓመቱ የኤ ፒ ካልኩለስ ፈተና ግራፍ ሠሪውን ግዴታ አደረገ። መሣሪያው ውድ ስለነበር ያለውና የሌለው ቤተሰብ ልጆች እኩል እንዳይቆሙ አደረገ፤ በእኛ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም እግሩን አልተከለም።

ነገሩን የለወጠው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆኸንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጂኦጀብራን ሠራ፤ በ2011 ደግሞ ዴስሞስ መጣ። ሁለቱም በስልክ ይሠራሉ፣ ተማሪን ገንዘብ አይጠይቁም። ጂኦጀብራ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ግራፍ ያወጣል። አፑን የያዘ ተማሪ ለጓደኛው በዜንደር ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የ1990ዎቹ አሜሪካዊ ተማሪ ብዙ ዶላር ያወጣበትን መሣሪያ ዛሬ የፋርታ ገበሬ ልጅ፣ ስልክ ካገኘ፣ በነጻ ይይዘዋል። ‘ስልክ ካገኘ’ የምትለው ቃል ከባድ ናት፤ እመለስባታለሁ።

ከዚህ በፊት ቴክኖሎጂ ክፍላችን ገብቶ ያውቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ፕላዝማ የሚባለው የሳተላይት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘረጋ። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ያስተምርበት ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፉት ለመግቢያና ለማጠቃለያ የሚሆኑ ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪ ቢጠይቅ ስክሪኑ አይቆምም፤ ባይገባው ወደ ኋላ አይመለስም። ብዙ መምህራን ከስክሪኑ በኋላ ትምህርቱን እንደገና ለማስተማር ተገደዱ። ከዚያ ልምድ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስክሪን ከመምህሩና ከተማሪው እጅ ሲቀድም፣ ትምህርቱ ያለፈ ይመስላል እንጂ አይያዝም።

ጥናቶች ያገኙት

ካልኩሌተር ተማሪን ያሰንፋል የሚለው ስጋት አዲስ አይደለም፤ ብዙ ተመርምሯል። ሬይ ሄምብሪና ዶናልድ ዴሳርት እ.ኤ.አ. በ1986 የ79 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ መረመሩ። ከመደበኛው ትምህርት ጋር ካልኩሌተር መጠቀም የተማሪዎችን የወረቀትና የእርሳስ ችሎታ በጥቅሉ አልጎዳም፤ ልዩ ሆኖ የተገኘው 4ኛ ክፍል ነው። በዚያ ዕድሜ ዘወትር ካልኩሌተር መጠቀም መሠረታዊ ስሌትን የሚያደናቅፍ ሆኖ ታየ። በ2003 ኤሚ ኤሊንግተን 54 ጥናቶችን አሰባስባ ስትመረምር፣ መሣሪያው በትምህርቱም በፈተናውም ሲካተት የተማሪዎች የስሌትም ችግር የመፍታትም ችሎታ ጨመረ። በፈተናው ሳይካተት ሲቀር ውጤቱ የተቀላቀለ ሆነ፤ ጉዳት ግን አልታየም። ለሒሳብ ያላቸውም ስሜት ተሻሻለ።

የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ ትምህርቱ ላይ አለ፣ ፈተናው ላይ የለም። ጥናቱ ለዚህ ሁኔታ ተአምር አይሰጥም፤ መርዝም አይልም። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መሣሪያው በራሱ ምንም አያስተምርም፤ መምህሩ ጥያቄውን ካልቀረጸለት መጫወቻ ይሆናል።

ስለ ዝግጅት ሌላ የጥናት ዘርፍ አለ፤ እኔ ከካልኩሌተሩ ይበልጥ የምመካበት እሱ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችን አንዴ አንብበው ራሳቸውን ከፈተኑት ጋር አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደጋሚዎቹ 42 በመቶ ላይ ቀሩ። መድገም የሚያውቁ ያስመስላል፤ ራስን መፈተን ግን ያስይዛል። ሌሊቱን ሙሉ ደብተር እየገለጠ የሚያነብ ልጅ ባየሁ ቁጥር ይህን ቢያውቅ ስል ተመኝቻለሁ።

ከጋይንት ጉባኤ ቤት የሚወሰድ

ደቡብ ጎንደር ራስን የመፈተንን ጥቅም ከሮዲገር በፊት ያውቀዋል። ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመሰከርባቸው ሁለት ጉባኤ ቤቶች፣ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ቤቷ ዙር አምባ፣ የሚገኙበት አገር ነው። ተማሪው በየአገሩ ድጓ ተምሮ በመጨረሻ ቤተልሔም መምጣቱ፣ ያወቀውን በአንድ ሚዛን እንዲያስለካ ነው። በየትም ይማር በማን፣ መለኪያው አንድ ነው፤ ወጥ ፈተና ማለት ይህ ነው። የሚለካውም መጽሐፍ ተገልጦለት አይደለም፤ በመምህሩ ፊት በቃሉ ያዜማል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ካልበቃ ይመለሳል። ቀን በመጽሐፍ ያየውን ማታ ያለ መጽሐፍ ይወጣል። ራስን መፈተን፣ በጊዜ አራርቆ መከለስ፣ ወዲያው መታረም፣ የዛሬው የትምህርት ሳይኮሎጂ የሚመክረው ሁሉ እዚያ አለ።

የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ያለ ማሽን ስለመሥራት የሚያስተምረን አለ። ለ2018 ዓ.ም እንሥራው። 5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 12። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይሞላሉ። ካልሞሉ ሊቁ አንድ ቦታ እንደሳተ ወዲያው ያውቃል። ስሌቱ የራሱን ማረጋገጫ ይዞ ነው የተሠራው። ለሒሳብ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ልማድ የለም፤ አንዱን ነገር በሁለት መንገድ አግኝቶ ሁለቱን ማስተያየት። ግራፍ ሠሪው መሣሪያ የሚገባበት ትክክለኛ ቦታም ይኸው ነው፤ ሁለተኛው መንገድ መሆን።

ማሽኑ የሚደብቀው፣ እጅ የሚያመልጠው

ሁለት ጥያቄዎች ነገሩን ከማንኛውም ክርክር በተሻለ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ላይኛው ኤክስ² − 4፣ ታችኛው ኤክስ² − ኤክስ − 2 የሆነ ክፍልፋይ ፈንክሽን ነው። ስልኩ ላይ ሲጻፍ በኤክስ −1 አካባቢ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሸሽ፣ ከዚያ ውጭ ያልተቋረጠ የሚመስል ግራፍ ይወጣል። በእጁ የሠራ ተማሪ ግን ላይኛውን (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 2)፣ ታችኛውን (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 1) ብሎ ይዘረዝራል። ኤክስ − 2 ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል፤ ስለዚህ ኤክስ 2 በሆነበት ቦታ ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም። ግራፉ በዚያች ነጥብ፣ ቁመቱ አራት ሦስተኛ በሆነበት ቦታ፣ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው አንዲት ነጥብ ስለሆነች ስክሪኑ ላይ አትታይም። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ እሷኑ ነው፦ ዶሜኑ ምንድን ነው፣ ቀጥ ያለው አሲምቶት ስንት ነው፣ በኤክስ 2 ላይ ሊሚቱ አለ ወይ። ማሽኑን ብቻ ያየ ተማሪ እዚህ ይወድቃል።

ሁለተኛው 2 በኤክስ ኃይል ከኤክስ² ጋር የሚተካከለው ለየትኞቹ የኤክስ ዋጋዎች ነው የሚል ነው። ተማሪው ቁጥር እያስገባ ሲሞክር 2ን ያገኛል፤ ትንሽ ቢገፋ 4ንም ያገኛል፤ 16 ከ16። ጨረስኩ ብሎ ያልፋል። ሁለቱን ግራፎች አንድ ላይ ቢያወጣ ግን ከዜሮ በስተግራ፣ −0.77 አካባቢ፣ ሦስተኛ መገናኛ ያያል። አሉታዊ ቁጥር ለመሞከር ያላሰበውን እጅ ግራፉ ያርመዋል። ነገር ግን ስክሪኑ ከ−10 እስከ 10 ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 4 ላይ ያለው መገናኛ ቁመቱ 16 ስለሆነ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። አሁን ተራው የእጁ ነው፤ ማሽኑ ያጎደለውን እጁ ያመጣል።

ሁለቱን ጥያቄዎች የሠራ ተማሪ ፈተና ላይ ስልክ ባይኖረውም በአእምሮው የሚይዘው ነገር አለ። ከላይና ከታች የተጣፋ ነገር ቀዳዳ እንደሚተው፣ አሉታዊው ጎን ሳይታይ እኩልታ እንዳልተፈታ ያውቃል። መሣሪያው በአዳራሹ ባይኖርም ያስተማረው ይገባል።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ፤ የጥያቄውን ፎቶ አንስተው ሲሰጡት መልሱን ከነደረጃው የሚያወርደው አፕ። ግራፍ ሠሪው ያሳያል፣ ትርጓሜውን ግን ለተማሪው ይተዋል። መልስ ሰጪው አፕ የተማሪውን ሥራ ይሠራለታል። ወርክሺቱን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ሲሠራው ግን ያልነበረ ተማሪ ሞዴል ፈተናው ላይ ይጋለጣል። ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በአንድ ስም ‘ስልክ’ ብለው ሲከለክሉ ጠቃሚውንም ከጎጂው ጋር ይጥሉታል።

ሌሎች አገሮች ምን ያደርጋሉ?

በዓለም ላይ አንድ መልስ የለም። በቻይናው ጋኦካኦ በአብዛኛው ቦታ፣ እንዲሁም በህንዱ የምህንድስና መግቢያ ፈተና ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ሁለቱም አገሮች መሐንዲስ አላጡም። በኬንያው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ፕሮግራም የማይቀበል ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ የፈተና ምክር ቤቱ የሒሳብ ሰንጠረዥም አብሮ ያገለግላል። የምዕራብ አፍሪካው የፈተና ምክር ቤት ለተፈታኞች ራሱ ያዘጋጀውን አንድ ዓይነት ካልኩሌተር በአዳራሹ አቅርቧል። ኤስ ኤ ቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያለ ካልኩሌተር የሚሠራ ክፍል ጨምሮ ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ክፍሉን አስቀርቶ፣ ለ44ቱም የሒሳብ ጥያቄዎች ዴስሞስን በፈተናው ውስጥ ለሁሉም አቀረበ።

ከእነዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ መከልከልም መፍቀድም ፈተናውን ጥሩ አያደርገውም፤ ጥያቄዎቹ ለተመረጠው መንገድ ተስማምተው መዘጋጀት አለባቸው። ሁለተኛ፣ መፍቀድ ከተመረጠ መሣሪያው ከተማሪው ኪስ ሳይሆን ከፈታኙ እጅ መምጣት አለበት። ምዕራብ አፍሪካም ኤስ ኤ ቲም የደረሱበት ይህ ነው፤ አለበለዚያ ፈተናው የቤተሰብን ኪስ ይለካል።

የደቡብ ጎንደር ተማሪ

አሁን ወደ ‘ስልክ ካገኘ’ እንመለስ። ከጉና ተራራ ዙሪያ፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከእብናት ገጠር ወደ ወረዳ ከተማ ወይም ወደ ደብረ ታቦር መጥቶ የሚማር ልጅ፣ ከጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ወደ ቤት ወርዶ ስንቁን ቋጥሮ የሚመለስ ነው። ሴቷ ተማሪ ውኃ መቅዳቱና ምግብ ማብሰሉ ይጨመርባታል። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ብዙ ነው። አጨዳ ሲደርስ ቤተሰብ ይፈልገዋል። ይህ ልጅ የሚያጠናበት ሰዓት ከከተማው ልጅ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ላለፉት ዓመታት ደግሞ የሰላም ጉዳይ ተጨመረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ደርሶ፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። በቴሌግራም ቻናል የቆየ ፈተናና ማብራሪያ ይከታተል የነበረ ተማሪ ምንጩ በአንድ ቀን ደረቀበት። ትምህርቱ የተቋረጠበትና ሳይቋረጥበት የተማረው ልጅ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ማለፊያ ነጥብ ይለካሉ። ይህ ፍትሕ የሚያሻው ጉዳይ ነው፤ የትኛውም አፕ አይፈታውም።

ለዚህም ነው ስለ መሣሪያ ስንናገር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን መምረጥ ያለብን። በአንድ ክፍል አምስት ስልክ ካለ ለክፍሉ ይበቃል፤ ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው ግራፉን በደብተር ሠርተው አንዱ ስልክ ላይ ያረጋግጣሉ። መምህሩ አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ካገኘ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያያል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም ስሙን አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካሠሩበት ከጋፋት የወሰደው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ ለዞኑ የሒሳብ መምህራን በክረምት አጭር ሥልጠና ቢሰጥና የኮምፒውተር ክፍሎቹን ቅዳሜ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ቢከፍት፣ ከማንኛውም ዘመቻ የሚልቅ ሥራ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተማሪዎቹ የፈተና ሰሞን ብቻ የሚያዩት ቦታ መሆን የለበትም።

ለኤስ ኤ ቲ የሚያስብ የዞኑ ተማሪ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ለመፈተን ብዙውን ጊዜ ረጅም መንገድ ተጉዘው አዲስ አበባ መድረስ አለባቸው። ለእነርሱ ዴስሞስን መለማመድ ቅንጦት አይደለም። የሁለት ግራፎችን መገናኛ ማንበብ፣ የስክሪኑን ስፋት ማስተካከል፣ መቼ በእጅ መሥራት እንደሚፈጥን መለየት የፈተናው አካል ነው። ከ70 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ሁሉንም ጥያቄ ወደ ስክሪን የሚወስድ ተማሪም ጊዜ ያልቅበታል።

እንዴት ይዘጋጅ?

ከዚህ ሁሉ ለአገር አቀፉ ፈተና የሚወጣው የአዘገጃጀት መንገድ ይህ ነው።

በ11ኛ ክፍልና በ12ኛ መጀመሪያ፣ ፈንክሽንና ካልኩለስ በሚማሩበት ጊዜ፣ መሣሪያው ይፈቀድ። ሥርዓቱ ግን አይፍረስ። ተማሪው በመጀመሪያ ዶሜኑን፣ ዘንጎቹን የሚቆርጥበትን፣ አሲምቶቱን አግኝቶ ግራፉን በእርሳስ ይሥራ፤ ከዚያ ስልኩን ይክፈት። ሁለቱ ካልተስማሙ ማን እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከግራፉ ትበልጣለች።

የስህተት ደብተር ይኑረው። ያልገባውን ምዕራፍ ስም ሳይሆን የሳተበትን ምክንያት ይመዝግብ፦ ምልክት ገለበጥኩ፣ አሉታዊውን ረሳሁ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል አላወቅኩትም። ብዙ ተማሪ ሒሳብ አልችልም ሲል ከእነዚህ የአንዱን ስም እየጠራ ነው። ስሙ ከታወቀ መድኃኒት አለው።

ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ካልኩሌተርም ስልክም ከጥናት ጠረጴዛው ይነሳ። የቆዩ ፈተናዎች በሰዓት ተይዘው፣ ያለ ማቋረጥ ይሠሩ። ሞዴል ፈተና ለውጤቱ ብቻ ተሰጥቶ ከታለፈ ግማሽ ጥቅሙ ይጠፋል፤ በማግስቱ ክፍሉ ጥያቄ በጥያቄ ሊያርመው ይገባል። ግራፍ ሠሪው በዚህ ጊዜ የሚመለሰው ለእርማቱ ብቻ ነው። ምዕራፎችም ተቀላቅለው ይከለሱ፤ ፈተናው ጥያቄውን የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ነግሮ አይሰጥምና።

ወላጅም ድርሻ አለው። ስልክ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ልጁን አላዘጋጀሁም ብሎ አይዘን። ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ሰዓት ነው፤ በፈተናው ዓመት ልጁን፣ በተለይ ልጃገረዷን፣ ከሥራ አሳርፎ በየቀኑ የማይነካ የጥናት ጊዜ መስጠት።

ወደፊት የሚወሰነው

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። በኮምፒውተር የሚፈተኑት ቁጥር ሲጨምር የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ፈተናው ስክሪን ላይ ከሆነ፣ ካልኩሌተሩም ስክሪኑ ላይ ይሁን ወይ? የስርቆት ስጋቱ እውነተኛ ነው። በ2008 ዓ.ም የፈተና ወረቀት ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተና ተቋርጦ ነበር፤ ኤሌክትሮኒክስን በር ላይ የማስቀረቱ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ፈተናው ውስጥ የተሰካ ካልኩሌተር ግን ከኪስ ከሚገባ መሣሪያ ይለያል፤ መልእክት አይልክም፣ ለሁሉም አንድ ነው።

እኔ የምደግፈው ፈተናውን በሁለት መክፈል ነው፤ አንዱ ክፍል በእጅ ብቻ የሚሠራ፣ ሁለተኛው ካልኩሌተር የቀረበለትና ከግብርናም ከንግድም ከጤናም የተወሰዱ እውነተኛ ቁጥሮች የሚጠየቁበት። የዝናብ መጠን፣ የብድር ወለድ፣ የሕዝብ ዕድገት በእጅ እንዲያልቁ ተደርገው አይመጡም፤ ተማሪው ነገ የሚገጥሙት እነዚህ ናቸው። ይህ ግን ሊመጣ የሚገባው የገጠሩ ትምህርት ቤት መብራትና ኮምፒውተር ካገኘ፣ ተማሪውም ቢያንስ ሁለት ዓመት ከተለማመደበት በኋላ ነው። በመሣሪያው ያልተለማመደን ልጅ በመሣሪያ መፈተን ሌላ በደል ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ሕጉ እንዳለ ነው፤ ተማሪው ወደ አዳራሹ ይዞ የሚገባው እርሳስና አእምሮ ብቻ ነው። የደቡብ ጎንደር መምህር በነገው ክፍለ ጊዜ ሊጀምረው የሚችለው ነገር በጀትም ፈቃድም አይፈልግም። አንድ ፈንክሽን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ተማሪዎቹ ግራፉን በደብተር ይሥሩ፣ ከዚያ አንድ ስልክ ይከፈትና ማን እንደሳተ፣ ለምን እንደሳተ ይነጋገሩ። ይህ በሳምንት ሁለት ቀን ከተደረገ፣ በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ስልኩን በር ላይ ሲያስረክብ የሚያስረክበው ስልኩን ብቻ ይሆናል።